አንዴ ብቻ የምትጠይቅ መርከብ

ይድረስ ለክቡር ሚስተር ሴድሪክ ሃርግሬቭ
የብራክንሸር መርከብ መስመር የእንግዶች መስተንግዶ ዋና ኃላፊ
ሳውዝሃምፕተን፣ እንግሊዝ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ መርከቦችዎና የነጭ ጓንት ግምጃ ቤትዎ ሁሉ በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም እዚህ ሲያትል ዝናቡ ጋብ ብሎልን፣ ተራራውም ከደመናው ወጥቶ ታይቶን፣ ደህና ነን።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ጁን 2፣ ሲያትል አጠገብ ኬንት ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ለወይዘሮ ባየሽ ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ ደብዳቤ ደርሷል። ደብዳቤው ቅዳሜ ጁላይ 18 ከሲያትል ወደ አላስካ በምትነሳው «ሌዲ ኦገስታ» ላይ ወይዘሮ ባየሽ በከሰዓት በኋላው የሻይ አዳራሽ መቀመጫ እንደማይኖራት፣ በጠረጴዛ ቁጥር 14 የነበረው ቦታዋ ለሌላ እንግዳ እንደተሰጠ፣ በሻይ ሰዓትም በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ጸጥ ያለ ወንበር እንደተያዘላት ይገልጻል። ምክንያቱ በአንድ መስመር ሰፍሯል፤ «ባለን መዝገብ መሠረት ወይዘሮ ባየሽ ሻይ፣ ኬክ፣ ሳንድዊችና ዳንስ አይፈልጉም።»

ቅሬታዬን ከማቅረቤ በፊት የሚገባዎትን ምስጋና ማስቀደም ይኖርብኛል። እህቴ ራሷ፣ ስለዚያች መርከብ አንድ ክፉ ቃል ብጽፍ ቤቷ እንዳልመጣ አስጠንቅቃኛለች።

ባለፈው ዓመት ጁላይ፣ እትዬ ባየሽ ሃያ ሁለት ዓመት ከሠራችበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ በጡረታ ስትወጣ፣ ሲያትል ማውንት ቤከር ሰፈር የምትኖረው ልጇ ኖላዊት የሰባት ቀን የመርከብ ጉዞ ጋበዘቻት። በበጋ ከሲያትል ወደብ ወደ አላስካ የሚነሳ መርከብ ብዙ ነው። ጣሪያው ላይ የውኃ መንሸራተቻ ያለው፣ ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ የሚጮህበት፣ ሰው በቁምጣና በነጠላ ጫማ ራት የሚበላበት ሁሉ አለ። ኖላዊት የእናንተዋን የመረጠችው የድሮውን የእንግሊዝ ወግ ያልለቀቀች ናት ስለተባለች ነው። ወደቡ ድረስ በመኪና ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ገና ፓርክ ሳላደርግ አንድ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ሰው የመኪናውን በር ከፍቶ ለእህቴ ጎንበስ አለላት። እህቴም ወርዳ ከእሱ ዝቅ ብላ ጎንበስ አለችለት። እሱ እንደገና ጎንበስ አለ። እሷም አልተሸነፈችም። ከኋላችን የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባ ባይነፉ ኖሮ መርከቢቱ ሁለቱንም ትታቸው በሄደች ነበር። እህቴ ወደ እኔ ዞራ «ሀብቴ፣ እነዚህስ የጨዋ ልጆች ናቸው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ የሰማሁት ከሁለቱ ነው፤ እናትና ልጅ በሚለያዩበት ቦታ የሁለቱንም ቃል ጽፌአለሁ።

በመርከብዎ ላይ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ወንድ ያለ ኮትና ያለ ክራቫት በኮሪደር አይታይም። ሰው የሚተኛበት ክፍል ደረጃ ራት የሚበላበትን አዳራሽ ይወስናል፤ የላይኛው ፎቅ ሰው ከታችኛው ፎቅ ሰው ጋር አንድ ሾርባ እንዳይጠጣ ይህን ያህል ዘመን ያለመታከት መጠንቀቃችሁ የሚደነቅ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ የአንድ ትንሽ ከተማ ያህላል። ለውሾች የራሳቸው ክፍልና የራሳቸው አስተናጋጅ አላቸው፤ ወደ ውሾቹ ኋላ እመለሳለሁ። በየቀኑ ልክ በስድስት ሰዓት ደግሞ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ መርከቢቱ የት እንደደረሰች፣ ባሕሩ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ፣ ነፋሱም ከየት እንደሚነፍስ ያስታውቃሉ።

ይህ የካፒቴኑ ንግግር እህቴን ከሁሉ አብልጦ ደስ አሰኝቷታል። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሰው በድንገት ዝም ሲል፣ ወንጌል ሊነበብ ነው ብላ ብድግ አለችና ነጠላዋን አስተካከለች። ኖላዊት የነፋስ ዜና መሆኑን ብትነግራትም አልተቀመጠችም፤ «ለስንት ሺህ ነፍስ ኃላፊ የሆነ ሰው እየተናገረ ተቀምጬ ልስማ?» አለች። በሦስተኛው ቀን አጠገቧ ይቀመጡ የነበሩ የሰማንያ አንድ ዓመት እንግሊዛዊት፣ ሚስስ ዊኒፍሬድ ታክዌል፣ የሚሠሩትን ሹራብ አስቀምጠው አብረዋት ቆሙ። እስከ ሐሙስ ድረስ የአዳራሹ ግማሽ ቆሞ ነበር። ካፒቴኑ ይህን የሚያዩበት ቦታ ላይ አልነበሩምና ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ክብር መካከል የደረሰብን የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል እህቴ በጠረጴዛ ቁጥር 14፣ በመስኮቱ በኩል፣ ከሚስስ ታክዌል ፊት ለፊት ተቀመጠች። አራት ሰዎች ቫዮሊን ይጫወቱ ነበር። ሚስተር ፔምበርተን የተባሉት አስተናጋጅዎ ባለሦስት ደርብ የብር ማቅረቢያ ይዘው መጡ፤ ከታች ሳንድዊች፣ ከመካከል ስኮን የሚባለው ትንሽ ክብ ዳቦ ከነክሬሙና ከነማርማላታው፣ ከላይ ኬክ። ጎንበስ ብለው ምን ላቅርብልዎት ሲሏት እህቴ «ኖ ቴንክዩ፣ አይ አም ፉል» አለች። ሚስተር ፔምበርተን እንደገና ጎንበስ ብለው ማቅረቢያውን ይዘው ሄዱ። እህቴ ማቅረቢያውን እስከ ቫዮሊኖቹ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው።

ክቡርነትዎ፣ በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ መልስ አይደለም፤ የሰላምታ ዓይነት ነው። ጋባዥ «ብሉ እንጂ» ይላል፤ እንግዳ «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። ጋባዥ «ኧረ በሞቴ» ይላል፤ እንግዳ «ኧረ ይብቃኝ» ይላል። ጋባዥ «አፈር ስሆን፣ ይችን ብቻ» ሲል እንግዳ እንደ ተገደደ ሆኖ ይበላል፤ ሁሉም ክብሩን እንደያዘ ይነሣል። ሚስተር ፔምበርተን ደግሞ በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎታቸው እንግዳን ሁለት ጊዜ ጠይቀው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ በእሳቸው ወግ ሁለተኛ መጠየቅ እንግዳን ማስጨነቅ ነው። ሁለቱም ምንም አላጠፉም። የተራበችው ግን አንዷ ብቻ ናት።

ኖላዊት አጠገቧ ነበረች። ነገር ግን ልጅቷ በአራት ዓመቷ መጥታ ኬንት ያደገች ስለሆነች፣ እናቷ ስታጉተመትም የሰጠችው መልስ «ማም፣ ዩ ሴድ ኖ» የሚል ነው። እናቷም «አፌ አለ እንጂ ሆዴ መች አለ?» ብላታለች።

ሁለተኛ፤ ሰኞም እንዲሁ ሆነ። አንድ ሰው ትናንት ጠይቆ ዛሬ ቢጠይቅ ሁለት ጊዜ ጠየቀ እንደማይባል፣ ቆጠራው በየዕለቱ እንደ አዲስ እንደሚጀምር ለመዝገብ ክፍልዎ ማስረዳት እወዳለሁ። ማክሰኞ ዕለት ሚስተር ፔምበርተን፣ ባዶ ሰሃን ፊቷ ተቀምጦ እንዳያሳፍራት አስበው፣ ሰሃኑን ራሱን አስነሡላት። እህቴ ለዚህ አሳቢነታቸው ተነሥታ አመሰገነቻቸው፤ ከዚያም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄዳ ጥግ ይዛ፣ ከቦርሳዋ ከቤት የያዘችውን ዳቦ ቆሎ እያወጣች በላች። ማንም ያያት አልመሰላትም። በማግሥቱ ከዚያው ወንበር አጠገብ የታጠፈ ናፕኪንና አንዲት ትንሽ የብር ጎድጓዳ ሳህን ተቀምጦ ቆያት፤ ለዳቦ ቆሎዋ።

በእውነት እልዎታለሁ፣ በዓለም ላይ አንዲት አሮጊት ተደብቃ የምትበላውን ዳቦ ቆሎ አይቶ፣ አንድ ቃል ሳይናገር የብር ሳህን የሚያቀርብ ሌላ ድርጅት አላውቅም። ያንኑ ሳህን ያቀረበ ሰው «እንዴት ነው፣ ከኬኩም ይቅመሱ እንጂ» ለማለት ምን እንደከለከለው ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሦስተኛ፤ ብቻቸውን የመጡ ሴቶችን ለማስደነስ የቀጠራችኋቸው ባለ ፓፒዮን ሽማግሌዎች አሉ። አንደኛቸው እህቴን ጋበዟት፤ «ኧረ እኔ የት አውቄ» ብላ ከወንበሯ በግማሽ ተነሣች። ሽማግሌው አመስግነው ሄዱ። እህቴ በግማሽ እንደተነሣች ቀረች። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

አራተኛ፤ ይህኛው ቅሬታ አይደለም፤ ነገር ግን ያለ እሱ ቀጣዩ አይገባም። ሐሙስ ዕለት መርከቢቱ በበረዶ ተራሮች መካከል ቆማ ሳለች፣ ሚስስ ታክዌል አንድ ቃል ሳይናገሩ ስኮናቸውን ለሁለት ቆረጡ፣ ክሬምና ማርማላታ ቀቡት፣ ግማሹን በእህቴ ናፕኪን ላይ አስቀመጡና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያም በረዶውን በዓይናቸው የሚቆጥሩ ይመስል ለረጅም ጊዜ አልተመለሱም። እህቴ በላች። በእናንተ አገር እንግዳን ሳይጠይቁ ማብላት ምን ዓይነት ጥፋት እንደሆነ አላውቅም፤ ሴትየዋ ግን እንደ ጥፋተኛ አንገታቸው ድረስ ቀልተው ነበር ትላለች ኖላዊት። እህቴ በበኩሏ «ይችስ የኛው ሰው ናት» ብላ ፈርዳለች። ሁለቱ ከሰላሳ የማይበልጡ የጋራ ቃላት ነበሯቸው፤ ከዚያች ሰዓት በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ነው የዋሉት።

አምስተኛ፤ ሚስተር ፔምበርተን ይህን ከሩቅ አይተዋል። ሌሊቱን ሲያስቡበት ያደሩ ይመስለኛል፤ በማግሥቱ የሠላሳ አንድ ዓመት ልማዳቸውን ጥሰው፣ ምንም ሳይጠይቁ፣ የሞላ ሰሃን አምጥተው በእህቴ ፊት አኖሩ። ለዚህ ድፍረታቸው ባርኔጣዬን አወልቃለሁ። የሚያሳዝነው ቀኑ ዓርብ ነበር። እህቴ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፤ ቅቤ፣ ክሬምና እንቁላል በአፏ አይዞሩም። ሰሃኑን በሁለት እጇ ገፋ አድርጋ፣ እጇንም ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነች። በዚያ ሳምንት እህቴ ምግብን ከልቧ እምቢ ያለችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በመዝገብዎ ላይ «ቀርቦላቸውም አልተቀበሉም» ተብሎ የተጻፈውም ያው ነው።

እንግዲህ እህቴ ከዚያ ጉዞ ተመልሳ በኬንት የምታውቀውን ሰው ሁሉ ስለ ሌዲ ኦገስታ በመንገር አሰልችታለች። በቤተ ክርስቲያን የሴቶች ማኅበር ውስጥ የካፒቴኑን ስም የማያውቅ የለም። ስለ ረሃቡ ግን ከእኛ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለችም። በኤፕሪል ከሚስስ ታክዌል አንድ ካርድ መጣላት፤ ኖላዊት አነበበችላት። ሐኪማቸው ረጅም ጉዞ ከዚህ በኋላ እንደማይፈቅድላቸው፣ በጁላይ ግን ለመጨረሻ ጊዜ በዚያችው መርከብ እንደሚሄዱ፣ በጠረጴዛ ቁጥር 14 ስኮኑን ቆርጠው እንደሚጠብቋት ይላል። ኖላዊት በዚያው ቀን ሁለት ቦታ ያዘች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እህቴ ልምምድ ላይ ናት። በሱቅ ከረጢት ይፈልጋሉ ሲሏት «የስ፣ ፕሊዝ» ትላለች። ባቡር ጣቢያ ወረቀት የሚያድሉትን ሁሉ «የስ፣ ፕሊዝ» ትላቸዋለች፤ በዚህም ምክንያት በቤቷ የሦስት ሃይማኖት መጽሔት ይገኛል። ሚስተር ፔምበርተን ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ እሺ እንደምትል በፊቴ ምላለች። ደብዳቤዎ የደረሰው ለዚህ ሁሉ ዝግጅት ማሳረጊያ ሆኖ ነው።

ስድስተኛና ዋነኛው፤ ደብዳቤው በደረሰ ዕለት ወደ ቢሮዎ ኮል አድርጌ ነበር። ያነጋገሩኝ እመቤት እንደ ማር የሚጣፍጥ ድምፅ ነበራቸው። መዝገብ የሚታረመው በእንግዳዋ በራሷ አንደበት ብቻ እንደሆነ፣ የእንግዳን ቃል ማክበር ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ጥንታዊ ልማድ እንደሆነ ነገሩኝ፤ ሐሙስ ጁን 4 ለእህቴ ራሳቸው እንደሚደውሉም ቃል ገቡ። ደወሉም። ኖላዊትና እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጠን ነበር። እመቤቲቱ በጠረጴዛ 14 የነበረው ቦታ እንዲመለስላት ትፈልግ እንደሆነ ጠየቋት፤ እንደዚያ ከሆነ በቦታዋ የተመደበውን እንግዳ ማዛወር እንደሚያስፈልግም አስረዷት።

እህቴ «ኖ ኖ ኖ፣ ዶንት ዎሪ፣ አይ አም ኦኬ» አለች።

እመቤቲቱ አመስግነው፣ መልካም ቀን ተመኝተው ዘጉ። ጠቅላላው ንግግር አርባ አንድ ሴኮንድ ፈጅቷል። እህቴ ስልኩን አየችው፣ እኛን አየችን፤ «ዘጋችው እንዴ? ገና መጀመሬ እኮ ነው» አለች። በዚያው ከሰዓት በኋላ በኢሜይል በደረሰን ማረጋገጫ ላይ «በእንግዳዋ ቃል ጸንቷል» የሚል ተጨምሮበታል።

ይህን ያህል በጽኑ መታመኗ ለእህቴ ትልቅ ክብር ነው። በስድሳ ስድስት ዓመቴ ታላቅ እህቴ ያለችውን ቃል በቃል የተቀበለ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አባታችን አላደረጉትም፤ ባሏ ነፍሱን ይማርና አላደረገውም፤ እኔም አላደርገውም።

የምለምነው ጥቂት ነው። እንደ ሰማሁት ጉዳዩ ወደ እንግዶች መዝገብ ኮሚቴ ተመርቷል፤ ኮሚቴው ሐሙስ ጁን 25 ይሰበሰባል። በመጀመሪያ፣ በቤተ መጻሕፍቱ የተያዘላት ወንበር ለሌላ ጸጥታ ፈላጊ እንዲሰጥ፣ የብር ሳህኗ ግን ወደ ጠረጴዛ 14 እንዲዛወር እጠይቃለሁ፤ በዚህ ዓመት ዳቦ ቆሎውን የምትጭነው ለሚስስ ታክዌል ነው፣ ሁለት ኪሎ። ቀጥሎም ለሚስተር ፔምበርተን ሁለተኛ የመጠየቅ ፈቃድ በጽሑፍ ቢሰጣቸው መልካም ነው። «በሞቴ» እንዲሉ አላስገድድም። የሕግ ክፍልዎ አንድ ሠራተኛ ለአንድ ስኮን ሲል ሞቱን እንዲጠራ ላይፈቅድ እንደሚችል እገነዘባለሁ። ጎንበስ ካሉ በኋላ ወዲያው ቀና ሳይሉ፣ እስከ አሥር ቢቆጥሩ ይበቃል።

ለመቶ ዓመት ያልተጓደለው ወጋችሁ ለሌላ መቶ ዓመት እንዲሰነብት፣ ጓንቶቻችሁ እንዳይቆሽሹ፣ ሾርባዎቻችሁም እንደየፎቃቸው ተለያይተው እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎና በእርስዎ ሥር ላሉ ጎንባሾች ሁሉ ዝቅ ብዬ፣ እርስዎም መልሰው ጎንበስ እንዳይሉ በትሕትና እየለመንኩ፣

አክባሪዎ
ሀብተ ጊዮርጊስ
ማውንትሌክ ቴራስ፣ ዋሽንግተን
ጁን 8

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወደ ውሾቹ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ባለፈው ዓመት ኖላዊት በውሾቹ ክፍል በኩል ስታልፍ፣ አንድ ነጭ ፑድል ብስኩቱን አይቶ ፊቱን ሲያዞር፣ አስተናጋጁ ተንበርክኮ ሲያባብለው፣ ውሻው እንደገና ሲያዞር፣ ሌላ ብስኩት ሲያመጣለት፣ ውሻውም በሦስተኛው ሲበላ በዓይኗ አይታለች። ስለዚህ ድርጅትዎ ይህን ሙያ አያውቅም ማለት አይቻልም።

የኮሚቴው ጸሐፊ ሐሙስ ጁን 25፣ በሲያትል ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ለእህቴ ደውለው ጥያቄውን አንድ ጊዜ እንደሚያነቡላት፣ ውሳኔውም በመልሷ መሠረት በዚያው ደቂቃ እንደሚጸድቅ አስታውቀውናል። ኖላዊት ከሥራ ፈቃድ ወስዳለች፤ በደንባችሁ መሠረት ግን መናገር አይፈቀድላትም። እህቴ «የስ፣ ፕሊዝ» እንደምትል ትምላለች። አትልም። «ኖ ቴንክዩ» ነው የምትለው፤ ከዚያም ዝም ትላለች፣ እየጠበቀች። እባክዎን ለጸሐፊው ይንገሩልኝ፤ ስልኩን እንዳይዘጉት።